አልቀመጥ ያለው ልጅ

ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር የዋለ ሰው የጅራፉን ጩኸት አይረሳውም። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለቅ ልጆች በየሜዳው ወጥተው ጅራፋቸውን ያጮኻሉ፤ በዓሉ ከከተማዋ ጋር አንድ ስም ስላለውም ደስታው እጥፍ ነው። ከነዚያ ልጆች መካከል አንዱ ከሁሉ ይበልጣል። ክንዱ አይዝልም፤ ድምፁ አይዘጋም፤ ጓደኞቹ ደክሟቸው ሙልሙላቸውን ሲገምጡ እርሱ ገና ይሮጣል። በዚያ ዕለት ጀግናው እርሱ ነው። መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ግን ያው ልጅ የክፍሉ መከራ ይሆናል።

የዚህን ልጅ ስም አንጽፍም፤ አንድ የታወቀ ልጅ ሳይሆን በየቀበሌው የምናገኘው ልጅ ነውና። ዕድሜው 9 ዓመት፣ ቤቱም ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በፋርጣ ወረዳ ነው እንበል። ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ የሚናገረው አያጣም። እናቱ፣ «ውኃ ቅዳ ብዬ ስልከው ጀሪካኑን ከወንዙ ዳር ጥሎ ወፍ ሲያባርር ይውላል» ትላለች። አባቱ፣ «ከብቶቹን ሰው አዝመራ ላይ እያስገባ በካሣ ጨረሰኝ» ይላል። መምህሩ፣ «ጥያቄውን ጠይቄ ሳልጨርስ ይመልሳል፤ ደብተሩ ግን ባዶ ነው» ይላሉ። ፊደል ያስቈጠሩት የኔታ፣ «ጭንቅላትስ አለው፤ ያጣው መቀመጫ ነው» ብለው ፈገግ ይላሉ። አያቱ ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል ይደመድሙታል፤ «ዐይን ነው» ይላሉ።

ከነዚህ አምስት ሰዎች መካከል የሚዋሽ የለም። እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። ነገር ግን አምስቱ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጁ ተነጋግረው አያውቁም። እናት ትምህርት ቤት የምትጠራው ልጇ የሰው ራስ ሲፈነክት ነው፤ መምህሩም የልጁን ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ስለዚህ ልጁ በቤት «ሰነፍ»፣ በመስክ «ዝንጉ»፣ በክፍል «ባለጌ» እየተባለ በሦስት ስም ያድጋል፤ ለሦስቱም ስም የተዘጋጀው መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱም ዱላ ነው።

በሐኪሞች ዘንድ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባል የታወቀ የልጅነት ችግር አለ። የአገራችን ባለሙያዎች «የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር» እያሉ ይተረጕሙታል። ነገሩ አዲስ የከተማ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በሎንዶን ከተማ በባልንጀሮቹ ሐኪሞች ፊት ቆሞ፣ አእምሯቸው ሳይጐድል ራሳቸውን መግዛት ስለሚያቅታቸው ልጆች ተከታታይ ንግግር አድርጓል። በ1937 ደግሞ ቻርልስ ብራድሌይ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለሌላ ጉዳይ የሰጠው የሚያነቃ መድኃኒት እረፍት ያጡትን ልጆች ሲያሰክናቸውና ወደ ትምህርታቸው ሲመልሳቸው አይቶ ተገረመ። የሚያነቃ መድኃኒት እንዴት ያሰክናል? ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የነዚህ ልጆች አእምሮ የጐደለው ጕልበት ሳይሆን ልጓም ነው፤ መድኃኒቱም የሚያነቃው ያንኑ ልጓም የሚይዘውን ክፍል ነው።

ዛሬ ሐኪሞች የሚመሩበት የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ዕትሙ የልጁን ምልክት በሁለት ረድፍ ይዘረዝራል። አንደኛው ረድፍ የትኩረት ማጣት ነው፤ የጀመረውን አለመጨረስ፣ ዕቃ መጣል፣ ሲጠሩት እንዳልሰማ መሆን፣ የተላከበትን መርሳት የመሳሰለው ነው። ሁለተኛው መቅበጥበጥና መቸኰል ነው፤ መቀመጫ ላይ መቍነጥነጥ፣ ተራ አለመጠበቅ፣ የሰው ወሬ ማቋረጥና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። በየረድፉ 9 ምልክት አለ። ልጁ ቢያንስ ከአንዱ ረድፍ 6ቱ ሊገኙበት፣ ከ6 ወር በላይ ሊቈዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊትም ሊታዩ ይገባል። ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ይከተላል፤ ይኸውም ችግሩ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ መታየት አለበት የሚል ነው። በቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ፣ ወይም በትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ፣ ሌላ ነገር ይፈለግለት እንጂ በቶሎ ይህ ስም አይሰጠው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሕግ ልብ ያለው ሰው አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል። አንድ ሐኪም፣ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ ልጁን በክፍሉ ውስጥ በ20 ደቂቃ ሊያውቀው አይችልም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ልጅ አዲስ ቦታ ሲገባ፣ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሲያይ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደ በግ ዝም ይላል። እናትም ታፍራለች፤ «እቤት እኮ እንዲህ አይደለም» ትላለች፤ ሰሚ ግን አታገኝም። ልጁን የሚያውቁት በየስፍራው ያሉት ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ምርመራውም የእነርሱ የጋራ ሥራ ካልሆነ ምርመራ አይባልም። በውጭ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ቡድን የልጆች ሐኪም፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ የንግግር ባለሙያ፣ መምህርና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያሉበት ነው። ለወላጅ አንድ፣ ለመምህር ሌላ መጠይቅ ይሰጣል፤ ቫንደርቢልት የተባለው የአሜሪካ መጠይቅ ለምሳሌ ለሁለቱ የተለያየ ወረቀት አለው። ሁለቱ ወረቀቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሥራው ተበላሸ አይባልም፤ የሚያነጋግረው ነገር ተገኘ ይባላል እንጂ።

ይህ ለደብረ ታቦር ምን ይረባል? የሚል ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ ለደብረ ታቦር ከሎንዶን ይልቅ ይረባል። ምክንያቱን ላስረዳ።

በደቡብ ጎንደር ደጋ አንድን ልጅ አልቀመጥ የሚያሰኘው ወይም የሚያፈዝዘው ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ ዐይኑን ውሰዱ። ይህ አካባቢ የዐይን ማዝ ከጠናባቸው አገሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ በመላው አማራ ክልል ለብዙ ዓመታት መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል የቈየውም ስለዚህ ነው። ዐይኑ የሚያሳክከውና የሚያለቅስ፣ ወይም ከሩቅ ማየት የማይችል ልጅ ከሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስለማያነብ ጎረቤቱን ይነካካል። ጆሮውስ? በብርድ ወራት መግል ሲያወጣ የከረመ ጆሮ ያለው ልጅ «ሲጠሩት አይሰማም» ቢባል እውነት ነው፤ አይሰማማ። አባቱ ግን ንቀት ይመስለዋል።

ቀጥሎ ምግቡ አለ። ከባሕር የራቀ የደጋ አገር አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት በአያቶቻችን አንገት ላይ የታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካነሳትም የልጁ አእምሮ ይጐዳል። ገበያ ላይ የሚሸጥ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። የደም ማነስም አለ፤ የሆድ ትልም አለ፤ ከነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ራብ አለ። ቁርስ ሳይቀምስ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጕዞ ከደረሰ ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ልብ መጠበቅ ግፍ ነው። ወደ ፎገራ ሜዳ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ወባ ይመጣል፤ አንጐል ድረስ የዘለቀ ወባ ይዞት የዳነ ልጅ ከዳነ በኋላም ትኩረቱ ላይመለስ ይችላል።

የሚጥል በሽታም ሁልጊዜ መሬት ላይ አይጥልም። ልጁን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ፈዞ እንዲቀር የሚያደርግ ዓይነት አለ። መምህሩ «በሐሳቡ ጎንደር ሄዷል» ብለው ይስቁበታል፤ ልጁ ግን በቀን አያሌ ጊዜ ራሱን እየሳተ ነው። ይህ በመድኃኒት የሚታገሥ በሽታ ነው። በሌላ ስም ከተጠራ ግን ልጁ ለዓመታት ያለ መድኃኒት ይቀራል።

አሁን ደግሞ ልናልፈው የማይገባን ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ዙሪያ ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የመድፍ ድምፅ የሰማ ልጅ፣ ወንድሙ ሲሄድ አይቶ ሲመለስ ያላየ ልጅ፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ይቍነጠነጣል፤ የተነገረውን ይረሳል። የምልክቱ ዝርዝር ከላይ ካየነው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ ግን በጣም አጭር ነው፤ «ይህ ጠባይ የጀመረው መቼ ነው?» የሚል ነው። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ድንገት አይመጣም፤ ልጁ ከመራመዱ ጀምሮ ሲከተለው የኖረ ነው። እስከ 8 ዓመቱ ሰክኖ ኖሮ ከአንድ የክፉ ቀን ወዲህ የተለወጠ ልጅ ሌላ ልጅ ነው፤ የሚያስፈልገውም ሌላ ነው። ይህንንም መመለስ የምትችለው እናቱ ወይም አያቱ እንጂ ሐኪሙ አይደለም።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን ያየ ሰውም ይህንኑ ይማራል። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ይህን ችግር ከ100 ልጆች በ1.5 ያህሉ ላይ አገኘ። በኦሮሚያ በጊርጃ ወረዳ ተደርጎ በ2019 የታተመው ደግሞ 7.3 አገኘ። በመላው ዓለም የተደረጉትን ጥናቶች በ2007 ያሰባሰቡ ሊቃውንት ከ100 ልጆች 5 ያህል ይሆናሉ ይላሉ። እንግዲህ የጊርጃ ልጆች ከቡታጅራ ልጆች አምስት እጥፍ ይቀብጣሉ ማለት ነውን? ይህ ጸሐፊ አያምንበትም። ይልቁንስ ማን ተጠየቀ፣ እንዴት ተጠየቀ የሚለው ቍጥሩን ይለውጠዋል። የገጠር እናት ከማለዳ እስከ ማታ ሜዳ ለዋለ ልጅ «መቀመጥ ያቅተዋልን?» ብላችሁ ብትጠይቋት፣ ለምን ይቀመጣል ብላ ትገረማለች። መምህሩን ግን በአንድ ክፍል 60 ልጅ ይዘው ብትጠይቋቸው ግማሹን ይቈጥሩላችኋል።

ከዚህ ላይ ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ የኔታ ልናገር። ደቡብ ጎንደር የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ናት፤ የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱም በጋይንት ናቸው። በየኔታ ዘንድ ልጆች ፊደልን የሚማሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰውነታቸውን እያወዛወዙ ነው። እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ ተማሪው ወደ የኔታ የሚቀርበው ተራው ሲደርስ ብቻውን ነው። እነሆ ባለሙያዎች ለተቅበጥባጭ ልጅ የሚያዝዙት ብዙው ነገር ይህ ነው፤ አጭር ትምህርት፣ ብቻውን መጠየቅ፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ኃላፊነት። የኔታ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚለውን ቃል ሳይሰሙ አብዛኛውን ሲሠሩበት ኖረዋል። አለንጋቸውን ግን አላመሰግንም፤ የተገረፈ ልጅ ለአንድ ሰዓት ዝም ይላል እንጂ ትኩረት አያበቅልም።

እሺ፣ ቡድኑ ከየት ይመጣል? በኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር ጀመሩት። ከዚያ በፊት ሥራውን ለብዙ ዘመን ብቻውን የተሸከመው የአማኑኤል ሆስፒታል ነበር። በልጆች ላይ ብቻ የሠለጠኑት የአእምሮ ሐኪሞች ዛሬም በጣም ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው። ከጋይንት የተነሣች እናት ልጇን አዝላ ወይም እጁን ይዛ 600 ኪሎ ሜትር አልፋ ትሂድ ብሎ ማዘዝ ማዘዝ አይባልም።

ነገር ግን በቅርብ ያለውን እንቍጠር። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእያንዳንዱን ቤት በር ታውቃለች፤ የትኛው ልጅ በምጥ ብዙ ቈይቶ እንደ ተወለደ፣ የትኛው ቤት እህል እንዳለቀበት ሳትጠየቅ ትናገራለች። በጤና ጣቢያው ነርስና ጤና መኰንን አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ የአእምሮ ሕመምን በጠቅላላ ጤና ሠራተኞች እጅ ለማከም የሚያገለግለውን መመሪያ ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። በደብረ ታቦር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ የልጆች ክፍል፣ የዐይን ምርመራ አለ። ከባድ የሆነው በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም ወደ ጎንደር ይላካል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአካልና የኑሮ ክሂልን የሚያለማምዱ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምሯል። በትምህርት ቤቱ መምህሩ፣ በአንዳንዱም የልዩ ፍላጎት መምህር አለ። የኔታ አሉ። እናትና አባት አሉ። ሰዎቹ ሁሉ አሉ፤ የጐደለው አንድ ቀን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና «ኑ ስለዚህ ልጅ እንነጋገር» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ስብሰባ እንዴት እንደሚሄድ በዐይነ ሕሊና እንየው። ገበያ ያልሆነበት ቀን ነው። በጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርሱ፣ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ እናትና አባት ተቀምጠዋል። ልጁ ከክፍሉ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገብቷል። ዐይኑና ጆሮው አስቀድሞ ታይቷል፤ ደሙ ተመርምሯል።

«እናቴ፣ ገና ዳዴ ሲል ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ይላል ነርሱ።

«ኧረ ዶክተር፣ ዳዴም አላለ! ተነሥቶ ሮጠ እንጂ» ትላለች እናት። በገጠር ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ነርሱም አርሞ አርሞ ሰልችቶታል። «ሁለቴ እሳት ውስጥ ወድቋል። ይኸው ጠባሳው።»

«በክፍልስ ጋሼ?»

መምህሩ ያስባሉ። «መጥፎ ልጅ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት» ይላሉ። «እሳት ውስጥ መውደቁን አላውቅም ነበር።»

አባት እስካሁን ዝም ብሏል። በመጨረሻ ጕሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርሁ» ይላል። እናት ትስቃለች፤ «ዛሬስ? አንድ አጥር ሳይጨርስ ሦስት ይጀምራል» ትላለች። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። መንታ ልጆችን ያጠኑ ሊቃውንት ይህ ችግር በዘር በኩል በብርቱ እንደሚተላለፍ አረጋግጠዋል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በዘር ነው። እናት ይህን ስትሰማ የሚቀልላትን ሸክም ባለቤቷ ብቻ ታውቀዋለች። ለ9 ዓመት ያህል «ልጅ ማሳደግ አልቻለችም» ስትባል ኖራለችና።

ከዚህ በኋላ ድጋፉ ይመጣል፤ እርሱም ከምርመራው የረዘመ ነው። እናትና አባት የሚማሩት እንዲህ ያለ ነው፤ አራት ነገር በአንድ ላይ አለማዘዝ፤ ልጁን ዐይኑን እያዩ፣ ትከሻውን ነክተው፣ አንድ ነገር ብቻ መንገርና እንዲደግመው ማድረግ፤ ጥፋቱን ከመቍጠር አስቀድሞ ያከናወነውን ወዲያው ማመስገን፤ ለመብላት፣ ለመተኛት፣ ለማጥናት የታወቀ ሰዓት ማበጀት። ከብቶቹን ብቻውን እንዳይጠብቅ ከአጎቱ ልጅ ጋር ይላካል፤ የጎረቤት አዝመራም ይተርፋል። እንግሊዞች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሕክምና መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታዘዘው ለወላጆች በቡድን የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በእድርና በማኅበር ተሰብስቦ መማከርን ከማንም አልተማርነውም።

መድኃኒትስ? ሜቲልፌኒዴት የሚባለው በ1944 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር የተሠራ መድኃኒት አለ፤ ሠሪው ሌያንድሮ ፓኒዞን «ሪታሊን» የሚለውን የንግድ ስም ያወጣው በሚስቱ በሪታ ስም ነው ይባላል። ለብዙ ልጆች በእጅጉ ይረዳል። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ579 ልጆች ላይ ተደርጎ የታተመው ታላቅ ጥናት፣ በጥንቃቄ የሚሰጥና የሚከታተሉት መድኃኒት ዋነኛዎቹን ምልክቶች ከምክርና ከሥልጠና ብቻ ይበልጥ እንደሚቀንስ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ ለቤትና ለትምህርት ቤት ኑሮ ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። ነገር ግን መድኃኒቱ ምግብ ያስጠላል፤ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ክብደትና የደም ግፊት እየተለካ የሚሰጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019ና በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይግባ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበለም፤ መመሪያውም ቢሆን ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይታሰብ፣ ከዚያም በላይ ላለው በልዩ ሐኪም ምክር እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ ለደቡብ ጎንደር ልጅ መድኃኒቱ የመጀመሪያው በር ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው በር ወላጅና መምህር ናቸው።

ስለ ጠበሉም አንድ ቃል። ነርሱ አያቱን «ተዉት» ቢላቸው ልጁ ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያው አይመጣም። አስተዋይ ባለሙያ «ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ቀጠሮውንም አይለፍ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነም መድኃኒቱን አታቋርጡ» ይላል። በዚህ ቃል ሰላም ይወርዳል።

አንባቢ እስካሁን ስለ ወንድ ልጅ ብቻ መጻፌን ሳይታዘብ አልቀረም። ይህም ራሱ የችግሩ አንድ ወገን ነው። ሴት ልጅ ይህ ችግር ሲኖርባት ብዙ ጊዜ አትረብሽም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ በሐሳቧ ትዋጣለች። ወጡ ያርባታል፤ ቡናው ይገነፍልባታል። ደንቆሮ ትባላለች፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ ቤት ትጠብቅ ይባላል፤ ከዚያም ትዳር ይፈለግላታል። ማንም ወደ ሐኪም አያመጣትም፤ ስላላስቸገረች። ቡድኑ በየትምህርት ቤቱ ሲሄድ መምህራንን «የሚያስቸግራችሁ ማነው?» ብቻ ሳይሆን «የረሳችኋት ማናት?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የወላጅን ኃይል ለሚጠራጠር ደግሞ በቅርብ ያየነው ምሳሌ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ችግር ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ቢያጡ ራሳቸው «ጆይ ኦቲዝም ማእከልን» አቋቋሙ። ኦቲዝም ከዚህኛው የተለየ ነገር ነው፤ እናት ግን እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የተሸሸጉ ልጆችን ከየጓዳው ሲያወጡ ኖረዋል።

ወደ ፋርጣው ልጅ እንመለስ። ከስብሰባው 6 ሳምንት በኋላ ያው ሰዎች እንደ ገና ተቀምጠዋል እንበል። እናት የመምህሩን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታዋለች። ማንበብ ባትችልም በላዩ ላይ ያሉትን ምልክቶች ታውቃለች፤ ደብተሩን በጨረሰበት ቀን ሁሉ አንድ መስመር ተሠምሮለታል፤ መስመሮቹም 11 ናቸው። ከ30 የትምህርት ቀን 11 ብዙ አይደለም። በፊት ግን አንድም አልነበረም። ልጁ አሁን ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ርቆ ይቀመጣል። የሒሳብ ሥራው በሁለት ተከፍሎ ይሰጠዋል። እግሩ ሲያሳክከው ጠመኔ እንዲያመጣ ይላካል። ከብቶቹ አንድ ጊዜ አዝመራ ገብተዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አባቱ ሁለት ጊዜ መትቶታል፤ ይህንንም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ነርሱም ሳይቈጣ ጻፈው።

መምህሩ በራሳቸው ሐሳብ አንድ ነገር ጨምረዋል። የትምህርት ቤቱን ደወል የሚደውለው አሁን እርሱ ነው። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ብረት በድንጋይ ይመታዋል፤ ክንዱ እንደሆነ አይዝልም። አንዳንድ ቀን ግን ደወሉ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይደወላል።